ሃይስኩል የገባ ልጅ ላላችሁ፦ ከቦርሳው ጀምሩ

የወንድሜ ልጅ ሃይስኩል በገባ በአምስተኛው ሳምንት እስክሪብቶ ሲፈልግ ቦርሳውን መሬት ላይ ዘረገፈው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። የወጣው ወረቀት ጉድ ነው። ግማሹ ተጨማድዷል፣ ግማሹ የየትኛው ትምህርት እንደሆነ እሱም አያውቅም። የባዮሎጂ ኖት የሒሳብ ደብተር ጀርባ ላይ ተጽፏል። አንዱ ወረቀት ደግሞ አምስት ጊዜ ተጣጥፎ የክብሪት ቀፎ አክሏል። ስዘረጋው የሒሳብ ቴስት ነው፤ ከ10 4። ይህ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ሆኖ ከሦስተኛ ደረጃ ወርዶ አያውቅም። ቀና ብሎ አየኝና «እሱ እኮ አይቆጠርም፣ ቴስት ነው» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ለቁጣ አፌን ከፍቼ ነበር። የወረቀቱ አተጣጠፍ ነው ያስቆመኝ። ግድ የሌለው ሰው አምስት ጊዜ አያጣጥፍም።

ጎበዝ የነበረ ልጅ በአምስት ሳምንት ሰነፍ አይሆንም። ጭንቅላቱ ያው ነው። ዙሪያው ነው የተቀየረው። ድሮ የሚያውቀው ግቢ ነበረ፣ ከነስሙ የሚያውቁት መምህራን ነበሩ፣ «የቤት ሥራህን አስረክበሃል?» የሚል ሰው ነበረ። አሁን በቀን ስድስት ሰባት መምህር ይገባል ይወጣል፣ ሁሉም ልጁ የእሱን ትምህርት ብቻ የሚማር ይመስል አሳይመንት ያዛል፣ ያላስረከበውን ልጅ ጠርቶ የሚጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ የለም፤ ዜሮው ተጽፎ ሲመጣ ነው ነገሩ የሚታወቀው። በዚያ ላይ ትናንት የግቢው አንጋፋ የነበረው ልጅ ዛሬ ከሁሉም ትንሹ ነው። ሌላ ሰው ይይዝለት የነበረው ነገር ሁሉ በአንድ ጠዋት እጁ ላይ ተቆለለ፣ አያያዙን ግን ያሳየው የለም። እንግዲህ ወላጅም ሆናችሁ ታላቅ ወንድም ወይም እህት፣ የእናንተ ሥራ ለጥቂት ወራት አብሮ መያዝ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ መልቀቅ ነው።

«ገና የመጀመሪያ ዓመት ነው፣ በኋላ ይስተካከላል» የሚባለውን ደግሞ እርሱት። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት፣ የከተማዋን ዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች በሁለት ከፍለው ተከታተሉ። ወደ አሥረኛ ለማለፍ የሚበቃውን ትምህርት ያሟሉና በዋና ዋናዎቹ ትምህርቶች ከአንድ በላይ «ኤፍ» ያላገኙት በአንድ ወገን ሆኑ፣ የቀሩት በሌላ ወገን። የመጀመሪያዎቹ በአራት ዓመት የመመረቅ ዕድላቸው ከሌሎቹ ሦስት ተኩል እጥፍ ይበልጥ ነበር። ይህ ምልክት ስምንተኛ ክፍል ከተፈተኑት ፈተና ውጤት የተሻለ ተንባይ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ «ስምንተኛ ጎበዝ ነበር» ብላችሁ አትተኙ። «ስምንተኛ ደካማ ነበረች» ብላችሁም ተስፋ አትቁረጡ።

ከመግባቱ በፊት

እዚህ ላይ ብዙ አላካብድም። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ግቢውን አንድ ጊዜ በእግሩ ይዙረው። የመማሪያ ክፍሉ የት ነው፣ ቤተ መጻሕፍቱ የት ነው፣ ሽንት ቤቱ የት ነው። አዎ፣ ሽንት ቤቱ። ሽንት ቤት የት እንደሆነ መጠየቅ አፍራ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳትጠጣ የምትውል ልጅ አለች፣ ይህ ቀልድ አይደለም። የመንገዱን ሰዓት ደግሞ በእውነተኛው የጠዋት ግፊያ ለኩት። እሑድ ከሰዓት 20 ደቂቃ የፈጀ መንገድ ሰኞ ጠዋት 45 ሊፈጅ ይችላል።

የክፍለ ጊዜ ሰሌዳውን ሁለት ቦታ ለጥፉት፣ አንዱ ደብተሩ ውስጥ፣ አንዱ የሚተኛበት ግድግዳ ላይ። በቃ። ከዚህ ያለፈ ምክር መግቢያው ሳምንት ላይ ጆሮው አይገባም።

«ሁሉም እኔን ነው የሚያየኝ»

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትልቁ ፍርሃት ትምህርቱ አይመስለኝም። ሰው ነው። ፀጉሬ፣ ጫማዬ፣ ድምፄ፣ ሙድ ይይዙብኛል። ለዚህ አንድ የምወደው ሙከራ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ነው። ቶማስ ጊሎቪች የሚባል የሥነ ልቦና ምሁርና ባልደረቦቹ ለተማሪዎች የሚያሳፍር ሥዕል ያለበት ቲሸርት አለበሱና ሰዎች ወደተቀመጡበት ክፍል አስገቧቸው። ከዚያ «ስንቱ ሰው ያየብህ ይመስልሃል?» ብለው ጠየቁ። ግማሽ ያህሉ አይቶኛል አሉ። ያየው ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። ይህን ለልጁ ንገሩት። «ማንም አያይህም፣ አትፍራ» ከማለት ይሻላል፣ ምክንያቱም እውነት አይደለም፤ የሚያይ አለ። ብቻ እሱ ከሚያስበው ግማሹ ነው፣ የቀረው ስለራሱ ጫማ እየተጨነቀ ነው።

ጓደኛ ስለማፍራት ደግሞ አታጣድፉ። «እስካሁን ጓደኛ አልያዝክም እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ቁስል ላይ ጨው ነው። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ያደረገው ጥናት ላይ፣ አዲስ ከተማ የገቡ አዋቂዎችንና አዲስ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ተማሪዎችን ይዞ አንድ ትውውቅ ቀለል ያለ ጓደኝነት እስኪሆን 50 ሰዓት ገደማ አብሮ መዋል፣ የልብ ጓደኝነት እስኪሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ እንደሚፈጅ ገምቷል። ዕድሜያቸው ከእኛዎቹ ልጆች ከፍ ይላል፣ ነገሩ ግን ያው ነው፤ ሰዓት ይፈልጋል። ሰዓቱ ደግሞ ክፍል ውስጥ ዝም ብሎ ቦርድ በማየት አይሞላም። አንድ ክበብ፣ አንድ ቡድን፣ ሳምንት ጠብቆ ከተመሳሳይ ልጆች ጋር የሚያገናኝ አንድ ነገር ይበቃል። ኳስም ይሁን ድራማ፣ ቼዝም ይሁን የአትክልት ክበብ፣ እሱ ይምረጥ። አምስት ክበብ የተመዘገበ ልጅ ግን በወሩ ከአምስቱም ይቀራል።

ስትጠይቁት «ትምህርት እንዴት ነበር?» አትበሉ። መልሱን ታውቁታላችሁ፦ «ጥሩ»። «ዛሬ የማን ፔሬድ ነው እንቅልፍ ያመጣብህ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። «ምሳ ሰዓት የት ነው የምትቀመጡት?» ደግሞ ከዚያ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ብቻውን የሚበላ ልጅ እዚህ ጋ ድምፁ ይቀየራል። ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ እንደ መርማሪ አትጠይቁት። ዕቃ እያጠባችሁ፣ መንገድ እየሄዳችሁ፣ ጎን ለጎን ሆናችሁ ይሁን። ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ብዙ ይወራል።

ወደ ቦርሳው እንመለስ

ከዚያ ቀን በኋላ ከወንድሜ ልጅ ጋር የተስማማነው ነገር ቀላል ነው። እሑድ ማታ፣ 20 ደቂቃ፣ ቦርሳው ሙሉ በሙሉ ይራገፋል። እሱ ያራግፋል፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ የራሴን ሥራ እሠራለሁ። እጄን አላስገባም። ያለ እሱ ፈቃድም ቦርሳውን ከፍቼ አላውቅም፣ እናንተም አትክፈቱ፤ አንድ ቀን የተበረበረ ልጅ በሚቀጥለው ቀን ወረቀቱን ቦርሳው ውስጥ አያስቀምጥም።

እያንዳንዱ ትምህርት የራሱ ደብተር አለው። ልቅ ወረቀት ሁሉ አንድ ክላሰር ውስጥ ይገባል፣ እንደየትምህርቱ ተከፋፍሎ። ከዚያ አንድ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አለች፣ ኪስ የምትገባ። የእሷ ሥራ አንድ ብቻ ነው፦ መምህሩ «ለሐሙስ» ሲል እዚያው፣ ቁጭ እንዳለ፣ ሐሙስ ገጽ ላይ መጻፍ። «በኋላ እጽፈዋለሁ» የሚባል ነገር የለም። በስልክም ይቻላል፣ ግን ክፍል ውስጥ ስልክ ባይወጣ ይሻላል፣ ማስታወሻ ሊጽፍ የወጣ ስልክ ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን።

ትልልቅ አሳይመንቶች ላይ ነው ልጆች የሚሰምጡት። «የዛሬ ሦስት ሳምንት» የተባለ ሥራ ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ «መቼም» ማለት ነው። ስለዚህ ከመጨረሻው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ። ማስረከቢያው 30 ከሆነ፣ በ28 ንጹሕ ቅጂው ያልቃል፤ በ24 ረቂቁ፤ በ18 መረጃው ይሰበሰባል፤ በ12 ርዕሱ ተመርጦ መምህሩን ይጠይቃል። አራቱም ቀኖች ማስታወሻዋ ላይ ይጻፋሉ። የመጀመሪያውን አሳይመንት አብራችሁ ቁጠሩ፣ ሁለተኛውን እሱ ቆጥሮ ያሳያችሁ፣ ሦስተኛውን አትጠይቁት። ያኔ ቢያመልጠው ያምልጠው። በመጀመሪያው ዓመት የሚያመልጥ አንድ አሳይመንት ርካሽ ትምህርት ነው። ማታ ስድስት ሰዓት ላይ ቁጭ ብላችሁ የምትሠሩለት እናንተ ከሆናችሁ ግን የሃይስኩል ተማሪዎቹ እናንተ ናችሁ።

ቸክሎ ማጥናት ለምን ይከዳል

እስከ ስምንተኛ ድረስ ደብተሩን ሁለቴ አንብቦ ገብቶ ያለፈ ልጅ፣ ሃይስኩል ላይ አምስቴ አንብቦ ይወድቃል። ከዚያ «እኔ አይገባኝም» ይላል። ገብቶታል። መውጫው ነው የጠፋው።

ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስጠኑ። አንደኛው ቡድን አራት ጊዜ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው አንድ ጊዜ አንብቦ ሦስት ጊዜ ወረቀቱን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፣ ያነበቡት 40 በመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ አስታወሱ። የሚገርመው፣ በደንብ እናስታውሳለን ብለው የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ።

በተግባር እንዲህ ነው። የዛሬውን ኖት አንድ ጊዜ ያንብብ። ደብተሩን ይዝጋ። ባዶ ወረቀት ላይ የቀረውን ሁሉ ይጻፍ፣ ሥርዓት ባይኖረውም። ከዚያ ይክፈትና የረሳውን በቀይ ይጨምር። ቀዩ ነው የነገ ጥናቱ። ከነገ ወዲያ እንደገና፣ ከሳምንት በኋላ እንደገና። ሾርት ኖት መሥራት ጥሩ ነው፣ ግን አንዳንዱ ልጅ ሦስት ቀለም ማድመቂያ ይዞ ደብተሩን ደግሞ ይገለብጥና «አጠናሁ» ይላል። ያ የእጅ ጽሑፍ ልምምድ ነው። ሒሳብ ከሆነ ደግሞ የተሠራውን ምሳሌ በእጁ ሸፍኖ ራሱ ይሥራው፣ ሲያቅተው አንድ መስመር ብቻ ይግለጥ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ 25 ደቂቃ ሥራ 5 ደቂቃ ዕረፍት የሚለው ለብዙ ልጅ ይሠራል። ካልሠራ ሌላ ይሞክር። ዋናው ስልኩ ሌላ ክፍል መሆኑ ነው።

እንቅልፍ

«ሰነፍ ሆነ፣ ማታ አይተኛ ጠዋት አይነሳ» ትላላችሁ። በጉርምስና የሰውነት ሰዓት ራሱ ወደ ኋላ ይገፋል፤ እንቅልፍ የሚያመጣው ሜላቶኒን የሚባለው ሆርሞን በትናንሽ ልጆች ላይ ከሚወጣበት ዘግይቶ ይወጣል። ፈልጎ አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2014 ሃይስኩሎች ከጠዋቱ 2፡30 በፊት ትምህርት እንዳይጀምሩ የመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ትምህርት ቤታችሁ ግን አይጠብቃችሁም፣ ስለዚህ በቤት የሚቻለውን አድርጉ። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ የሚመከረው በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። ስልክ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር፣ የእናንተም አብሮ ይደር፣ አለበለዚያ ማን ይሰማችኋል። ቅዳሜ ትንሽ ይተኛ፣ ግን እስከ እኩለ ቀን አይደለም፣ እሑድ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል።

የመጀመሪያው መጥፎ ውጤት ሲመጣ

ይመጣል። ያቺን ከ10 4 የመጣች ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ስድስቱን ስህተቶች አንድ በአንድ አየናቸው። ሦስቱ የምልክት ስህተት ናቸው፤ መቀነሱን መደመር አድርጎታል፣ ሥራውን ያውቀዋል። ሁለቱ በእውነት አልገቡትም፣ ክፍልፋይ ያለበት እኩልታ ነው። አንዱ ባዶ ነው፣ ሰዓት አልቆበት። «አየህ፣ የማታውቀው ሁለት ጥያቄ ነው» አልኩት። ወረቀቱን ነጥቆኝ ራሱ መልሶ ቆጠረ።

እያንዳንዱን ወድቆ የመጣ ወረቀት እንዲህ ክፈሉት። አላወቅሁም፣ አውቄ ተሳሳትኩ፣ ሰዓት አለቀብኝ። መድኃኒታቸው ይለያያል። ያላወቀው መምህር ጋ ይሄዳል። አውቆ የተሳሳተው ከማስረከቡ በፊት ምልክቶችን ብቻ አንድ ዙር ይፈትሻል። ሰዓት ያለቀበት የሚችለውን አስቀድሞ ይሠራል። «በርትተህ አጥና» ግን ለሦስቱም አይሆንም።

መምህር ጋ መሄድ ለአዲስ ልጅ ተራራ ነው። «አልገባኝም» ብሎ ቢሄድ መምህሩም ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። አስቀድማችሁ ቤት ውስጥ አለማምዱት፦ «ቲቸር፣ አራተኛው ጥያቄ ላይ እስከዚህ መስመር ሠርቻለሁ፣ ከዚህ በኋላ ጠፋብኝ፣ ቢያሳዩኝ?» የሞከረውን ወረቀት ይዞ የመጣን ልጅ የሚመልስ መምህር ብዙም አይገኝም። እናንተ ልጁን ቀድማችሁ ለመምህሩ አትደውሉ። ለሁለተኛው ዙር ቆዩ።

መቼ ነው መደንገጥ ያለባችሁ

ትንሽ መነጫነጭ፣ በር መዝጋት፣ ዝምታ፣ ይህ ዕድሜው ነው። የማይመቸኝ ሌላ ነው። ሁልጊዜ ማክሰኞ ጠዋት የሚያመው ሆድ። ድንገት የጠፋ ዕቃና ገንዘብ። ስማቸው የማይነገር አዲስ ጓደኞች። የሚወደውን ነገር በሙሉ መተው፣ አለመብላት፣ ሳምንታት የቆየ ኀዘን። ራሱን ስለመጉዳት የሚናገር ልጅ ከሆነ ደግሞ አትመካከሩ፣ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ባለሙያ ጋ ውሰዱት።

መቅረትን አቅልላችሁ አትዩ። ከትምህርት ቀኑ 10 በመቶ መቅረት ብዙ ቦታ እንደ አደጋ ምልክት ይቆጠራል። በ180 ቀን ሲሰላ 18 ቀን፣ ማለትም በወር ሁለት ቀን። በወር ሁለት ቀን ማንም አይታወቀውም! መፎረፍም የሚጀምረው በአንድ ፔሬድ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ልጁ በሚፈራው መምህር ወይም በሚፈራው ልጅ ፔሬድ። የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

ሙድ መያዙ ወደ ማስፈራራትና መደብደብ ካለፈ ተንደርድራችሁ ግቢ አትግቡ። አስቀድማችሁ ከልጁ ጋር ተነጋገሩ፣ ቀኑን፣ የሆነውን፣ ያየውን ሰው ጻፉ፣ በስልክ የተላከ ካለ አታጥፉት፣ ከዚያ ወረቀቱን ይዛችሁ የክፍል ኃላፊውን አግኙ። ልጁ ሳያውቅ የተደረገ አቤቱታ በማግስቱ እሱ ላይ ይመለሳል።

መምህራን ለሆናችሁ አንድ ነገር ብቻ። በመጀመሪያው ሳምንት ግማሽ ገጽ ላይ ውጤቱ ከምን ከምን እንደሚሰበሰብ፣ ዘግይቶ የመጣ ሥራ ምን እንደሚሆን፣ እናንተን መቼ ማግኘት እንደሚቻል ጽፋችሁ ስጧቸው። እያንዳንዱ መምህር የራሱ ሕግ አለው፣ ልጆቹ ደግሞ ሕጉን የሚያውቁት ከጣሱት በኋላ ነው።

እኔ በሁለተኛው ሴሚስተር እሑድ ማታ አጠገቡ መቀመጤን ተውኩ። መጀመሪያ በሳምንት አንዴ ጠየቅሁ፣ ከዚያ በወር፣ ከዚያ ረሳሁት። አንድ ቀን ሳልጠይቀው የሒሳብ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ትቶ ወጥቷል፣ አልታጠፈም። ከ10 6። ጥግ ላይ በእስክሪብቶ «2 ምልክት፣ 2 አላወቅሁም» ብሎ ጽፎበታል። ገልብጬ ሳየው ጀርባው ላይ የባዮሎጂ ኖት አለ።